ለግፊቷ መድኃኒት ያላዘዘው «ሐኪም»

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ስለሠራሁ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ላይ የግፊት መለኪያዬን አወጣለሁ። የመጣውን ሁሉ እለካለሁ፣ በየደብተሩ እጽፍለታለሁ፣ ቡና ይፈላል። ክፍያ የለውም። ከመለኪያው ይልቅ ቡናውንና ጨዋታውን ፈልገው የሚመጡም አሉ፤ እሱም ከመድኃኒት አይተናነስም ብዬ ዝም እላለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከሌላ ሰፈር አንዲት የልብ ጓደኛዬ በጠዋት መጣች። 62 ዓመቷ ነው። አስተማሪ ነበረች፤ ባለቤቷ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። ስሟን አልጠራም። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት፤ «ከስሜና ከሰፈሬ በቀር ሁሉንም ጻፊው» ብላኛለች።

ስለካት 190 በ110 ሆነ። መሣሪያው ይሆናል ብዬ ትንሽ አሳርፌ በሌላው ክንዷ ደገምኩት። 188 በ110። ራስሽን ያምሻል? ደረትሽን ይወጋሻል? ዓይንሽ ብዥ ይልብሻል? ሁሉንም የለም አለች። «መድኃኒትሽንስ ትወስጃለሽ?» ስላት ዝም። አምሎዲፒን ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ የማታዛንፍ፣ ክኒኗን ከመነጽሯ ጋር በአንድ ቦርሳ ይዛ የምትዞር ሴት ናት። ቆይታ «ካለቀብኝ ሁለት ወር ሆነኝ» አለችኝ። ለምን አልገዛሽም ብላት እንባዋ መጣ።

ጎረቤቶቼን በዚያን ቀን ቡና ሳላፈላ ሸኘኋቸው።

«ደህና አደርክ ውዴ»

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀን ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ነው። ዱባይ የምትሠራው ልጇ ስልክ ገዝታ ልካላት፣ የልጅ ልጆቿን ፎቶ እንድታይበት ፌስቡክ ከፍታላት ነበር። አንድ ማታ ከሁለት ሰዓት ዜና በኋላ የጓደኝነት ጥያቄ ደረሳት። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ደስ የሚል ፊት ያለው ሐበሻ ነው። የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነኝ፣ ሚስቴ በካንሰር ሞታብኛለች፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ አላት። ሃያ ዓመት እስኪሞላው ጎንደር አድጎ፣ በ1976 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ ገባ። አሁን ሶርያ ውስጥ ለተልእኮ ነው። ስድስት ወር ሲጨርስ ጡረታ ይወጣና አገሩ ገብቶ ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር ቤት ይሠራል።

የመጀመሪያዎቹን መልእክቶች አሳየችኝ። «ደህና አደርክ ውዴ። ሌሊቱን ስለ አንተ ሳስብ አደርኩ። አንተ በጣም ቆንጆ ሴት ነህ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቷን አየሁና ዋጥኩት። «አንተ ይልሻል እኮ» ብቻ አልኳት። «አርባ ዓመት ውጭ ኖሮ አማርኛው ጠፍቶበት ነው፤ ራሱም ይቅርታ ጠይቆኛል» አለችኝ።

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ውጭ ብዙ የኖረ ሰው ቃል ይረሳል፣ እንግሊዝኛ ይቀላቅላል። ጎንደር አድጎ ግን እናቱን፣ እህቱን፣ ጎረቤቱን «አንቺ» ሲል የኖረ ሰው ሴትን «አንተ» አይልም። እንዲህ የሚለው የትርጉም ማሽን ነው። እንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም አንድ ቃል ስላለው፣ ማሽኑ ከፊቱ ያለውን ሰው ስለማያውቅ፣ ብዙ ጊዜ በወንድ ይተረጉመዋል። ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ካስገባ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ቃል አማርኛ የማያውቅ ሰው ከየትም አገር ሆኖ ለእናቶቻችን የፍቅር ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። በዚህ ምልክት ብቻ ግን አትመኩ። ማሽኖቹ በየዓመቱ እየተሻሻሉ ነው፤ አጭበርባሪው ራሱም አማርኛ አፉን የፈታበት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ጥቅምት ላይ በአንድ የማኅበር ቀን፣ አጠገቤ ተቀምጣ «ማታ ማታ የሚያጫውተኝ ሰው አገኘሁ» ብላኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «በስተርጅና ሙሽራ ልትሆኚ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። አጠገባችን የነበሩትም ሰምተው ሳቁ። እሷም አብራን ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም። በሽተኛ ያፈረበትን ነገር እንዲነግረኝ ሳግባባ ዕድሜዬን የፈጀሁ ነርስ፣ የገዛ ጓደኛዬን አፍ በአንድ ቀልድ ዘጋሁት። ያኔ ገና አንድ ብር አልላከችም ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ ገንዘብ የሚባል ነገር አላነሳም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሌባ ቶሎ ይጠይቃል ብለን እናስባለን። ይሄ ግን ጠዋት እንዴት አደርሽ፣ ቀን ምሳ ምን በላሽ፣ ማታ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ ብቻ ነበር። «‹በላህ ወይ› ብሎም ቢሆን የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ስድስት ዓመቴ ነበር» አለችኝ። ይህን ስትለኝ መልስ አጣሁ።

በሁለተኛው ወር ከፌስቡክ ወደ ዋትሳፕ እንዲሻገሩ ጠየቃት። እሷ የመቀራረብ ምልክት አድርጋ ነው ያየችው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሐሰት ገጽ ጥቆማ ሲበዛበት ፌስቡክ ሊዘጋው ይችላል፤ ገጹ ቢዘጋም በዋትሳፕ የያዛት ሰው ከእጁ አትወጣም።

ሳጥኑ

በገና ሰሞን ስጦታ ልኬልሻለሁ አላት። ላፕቶፕ፣ ወርቅ፣ ሽቶ፣ ከልብሱ ሥር ደግሞ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ዶላር። የሳጥኑን ፎቶ ላከላት፤ ስሟና ስልኳ በላዩ ላይ ተጽፏል። ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት በጥሩ አማርኛ ደወለች። «ማዘር፣ ከጉምሩክ ነው። ዕቃዎ ቦሌ ደርሷል፤ ማውጫ 18,500 ብር ያስፈልጋል።» የሒሳብ ቁጥሩ በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ ነበር። «የጉዳይ አስፈጻሚው ነው» አለቻት። ጓደኛዬ ላከች።

ቀጥሎ ሳጥኑ ሲፈተሽ ዶላር ተገኘበት ተባለ፤ 47,000። በመጋቢት ደግሞ ገንዘቡ ከሽብር ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚያሳይ የምስክር ወረቀት፤ 120,000። እምቢ ስትል «በሕገ ወጥ የውጭ ምንዛሪ ዝውውር በስምዎ ክስ ይከፈታል» አሏት። በፍቅር የገባችበትን በፍርሃት ቀጠለችው። ሁለት ዓመት የጣለችው እቁብ ደርሷት 200,000 ብር በባንክ ነበራት፤ ከዚያ ላይ 185,500 ወጣ። የቀረው በኑሮ አለቀ፣ ጡረታዋ ለአስቤዛም አልበቃ አለ፣ ለልጆቿ መንገር አፈረች፣ መድኃኒቱ ቆመ። ወደ እኔ በመጣችበት ቅዳሜ ለ«መጨረሻ ጊዜ» የተጠየቀችው 90,000 ብር ነበር። የሠርጓን የአንገት ወርቅ በቦርሳዋ ይዛለች። ከእኔ ወጥታ ወደ ወርቅ ቤት ልትሄድ ነበር።

መጮህ ፈለግኩ፤ አልጮህኩም። አንድ ጊዜ ስቄ ያደረስኩት በቂ ነው። እንዲህ ብቻ አልኳት። «ሐኪም ነው ብለሻል። እስቲ ስለ ግፊትሽ ጠይቂው።»

ራሷ ጻፈች። «ዛሬ አሞኛል። ግፊቴ 190 በ110 ነው። መድኃኒት ካቋረጥኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ምን ላድርግ?»

ቡናውን አሁን አፈላሁት። እየቆላሁ ነገርኳት፤ «የዓይን ሐኪም ይሁን የጥርስ፣ ሐኪም የሆነ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ ያምሻል ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ ቀጥሎ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ ይልሻል።» አቦሉን እንደ ቀዳሁ ስልኳ ጮኸ።

«በጣም አዝናለሁ ውዴ። እግዚአብሔር ይማርህ። ግን የሳጥኑ ክፍያ እስከ ዓርብ ካልተላከ ሁሉንም እናጣለን።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። «ሐኪም አይደለም» አለች። ሌባ ነው አላለችም። ሐኪም አይደለም።

ከቡናው በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ መድኃኒቷ በዚያው ቀን ተጀመረ።

ሞኝነት ነው?

ይህን የሚያነብ ወጣት «እንዴት ይህን ታምናለች?» ማለቱ አይቀርም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም መታለላቸውን አመልክተውለት፣ ያጡት ገንዘብ ሲደመር 1.3 ቢሊዮን ዶላር ሆኗል። ያመለከቱት ብቻ ናቸው፤ አፍሮ የቀረው አልተቆጠረም። በፈረንሳይ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች አንዲት ሴት የፊልም ተዋናዩን ብራድ ፒትን ያገኘች መስሏት 830 ሺህ ዩሮ አጥታለች። ተዋናዩ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ የሚያስመስል ፎቶ በኮምፒዩተር አቀናብረው ይልኩላት ነበር። ታሪኳ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በቴሌቪዥን ሲቀርብ ሕዝቡ በኢንተርኔት ላይ እየተቀባበለ ሳቀባት፤ ጣቢያው ዝግጅቱን እስከ ማንሳት ደረሰ። የሚያሳዝነኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄኛው ነው። ያንን ሳቅ ያየች ሌላ ሴት፣ ነገ ቢደርስባት ለማን ትናገራለች?

ስለ አታላዮቹም አንድ ነገር ልበል። በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው አንድ ሰው ነው ብለን ስናስብ ብዙ ጊዜ እንደ ቢሮ የተደራጀ ቡድን ነው፤ አንዱ ፍቅር ይጽፋል፣ ሌላዋ «ከጉምሩክ ነኝ» ብላ ትደውላለች፣ ሌላው የባንክ ሒሳብ ያቀርባል። ምያንማር ከታይላንድ በምትዋሰንበት በምያዋዲ አካባቢ በግንብ የታጠሩ የማጭበርበሪያ ግቢዎች መኖራቸውን በዜና ሰምታችኋል። በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ከእነዚያ ግቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲለቀቁ የእኛ ልጆችም ነበሩባቸው። ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው የሄዱ፣ ከዚያ ተዘግቶባቸው ለማያውቁት ሰው የፍቅር መልእክት እንዲጽፉ የተገደዱ፣ እምቢ ሲሉ የተደበደቡ ናቸው። የጓደኛዬን ገንዘብ የበሉት ከየት እንደሆኑ አላውቅም። ግን አንዲት እናት እዚህ የምታጣው ገንዘብ፣ እዚያ የሌላ እናት ልጅ እየተገረፈ የሰበሰበው ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሰኞ ጠዋት

በማግስቱ እሑድ ስለነበር ያደረግነው መልእክቶቹን አንድ በአንድ ፎቶ እያነሳን ማስቀመጥ ነው። እሷ ማጥፋት ነበር የፈለገችው። እባካችሁ አታጥፉ፤ ያሳፍራል፣ ግን ማስረጃው እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ባንኳ ሄድን፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል ወንጀል አድርጎ ደንግጎታል፤ ስለዚህ «የፍቅር ጉዳይ ነው፣ ማን ይሰማኛል» ብላችሁ አትቅሩ። የመዘገበን ወጣት ፖሊስ አልሳቀም። ስሙን ባውቀው እዚህ አመሰግነው ነበር።

ገንዘቡ አልተመለሰም። የመጨረሻው 120,000 በገባበት ቀን ወጥቷል። ዋናው ትምህርቴ ሰዓቱ ነው። የተላከ ገንዘብን ለማስቆም ዕድል ካለ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነውና፣ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ሰኞን አትጠብቁ፤ ለባንካችሁ ደውሉ። የንግድ ባንክ የስልክ መስመር 951 ነው፣ የቴሌብር 127። ሌላ ባንክ ከሆነ ቁጥሩን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ተደወለላት። «ከኢንተርፖል ነው፤ ያታለሉሽን ይዘናቸዋል። ገንዘብሽን ለማስመለስ 15 በመቶ አስቀድመሽ ክፈይ።» አንዴ የተበላ ሰው ስልኩ በእነሱ እጅ ይቀራል፤ እንደገና ይሞክሩታል። ኢንተርፖል ለግለሰብ ደውሎ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህኛው ጊዜ ጓደኛዬ ስልኩን ዘግታ ወዲያው ለእኔ ደወለች። እኔ ነኝ የደነገጥኩት፣ እሷ እየሳቀች ነበር።

«የሚያውቀው ማን ነው?»

አንዳንድ ሰው ከዚህ በኋላ «አርጅተሽ ምን አባትሽ ሊሠራልሽ፣ ስልኩን ጣይው» ይላል። አልስማማም። ብቸኝነት ሰው እንደሚያሳምም በዎርድ ውስጥ አይቻለሁ፤ ጠያቂ ያለው በሽተኛና የሌለው በአንድ መድኃኒት እኩል አይድኑም። ባሉን የቀበርን፣ ልጆቻችን ባሕር የተሻገሩብን ሰዎች ጓደኛ ብንፈልግ ነውር የለበትም። በትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድን ተገናኝተው ዛሬ አብረው የሚኖሩ፣ ሁለቱም ከስድሳ ያለፉ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ራሴ ሠርጋቸው ላይ ጨፍሬያለሁ፤ ጉልበቴ ለሦስት ቀን አመመኝ።

የእነሱ ነገር ለምን አማረ ብዬ አሰብኩ። ድሮ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ የሴቷ ቤት ያጣራ ነበር። የማን ልጅ ነው? የት ሠራ? ከቀድሞ ሚስቱ ጋር እንዴት ተለያየ? መጠጥ ላይ እንዴት ነው? ዘር ማንዘር እየቆጠሩ ስንቱን ፍቅረኛ ያስለቀሱበትን ክፋት አልናፍቀውም። ነገር ግን በመጨረሻ «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል፣ ቢዋሽ ቤቱ ሄደው የሚወቅሱት ሰው ይገኝ ነበር። እነዚያ ጥንዶች የሚያውቋቸው ሃምሳ የክፍል ጓደኞች ነበሯቸው። የጓደኛዬን «ሐኪም» ግን በዚህ ምድር ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፤ እኔም እሱም የምናውቀው፣ በአካል የማገኘው ሰው ማን ነው? ከሌለ፣ ጨዋታው ይቀጥል፤ ገንዘብ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ ከባንክ በስልክ የሚመጣ የምሥጢር ቁጥር ግን አይላክም። ገላን የሚያሳይ ፎቶም እንዲሁ፤ በኋላ «ለልጆችሽ እበትነዋለሁ» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉበት እሱ ነው። «በሒሳብሽ ገንዘብ ይግባልኝና አስተላልፊልኝ» ካለም አይሆንም። የተሰረቀ ገንዘብ ማሸጋገሪያ ሆናችሁ ለፖሊስ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

ፎቶውን ማጣራት ልጆች ያሳዩዋችሁ፤ ቀላል ነው። ጉግል ሌንስ የሚባለውን ከፍቶ ፎቶውን ማስገባት ነው፤ ያው ፎቶ በኢንተርኔት ላይ በሌላ ሰው ስም ካለ ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። የጓደኛዬን «ሐኪም» ስንፈልገው በሁለት ሌሎች ስሞች ተገኘ። ፎቶው የተሰረቀበት ያ ምስኪን ሰውዬ ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም። በቪዲዮ ደውሎ ፊቱን ማየትም ጥሩ ነው፤ ካሜራዬ ተበላሽቷል የሚል ሰበብ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ሦስተኛውን አትጠብቁ። ፊቱን ብታዩም እሱ ብቻውን አይበቃም፤ ዛሬ የሌላ ሰው ፊት ለብሶ በቪዲዮ ማውራት ይቻላል።

ጉምሩክንም ሆነ ሌላ መሥሪያ ቤትን በተመለከተ፣ የመንግሥት ቀረጥ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አይከፈልም። ቢደወልላችሁ ስልኩን ዝጉና በአካል ሂዱ። የአሜሪካ ጦርም ለወታደሮቹ ምግብ፣ ሕክምናና ፈቃድ ከፍቅረኛ ኪስ አያስከፍልም፤ የጦሩ የወንጀል ምርመራ ክፍል ይህንኑ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል።

ወንዶች ደግሞ ይህ የሴቶች ችግር ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡ። በሰፈራችን ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ከሐዋሳ ልትመጣ ላለች «ልጅ እግር» አራት ጊዜ የትራንስፖርት ልከዋል። አውቶቡሱ እስካሁን አልደረሰም።

ሰውየው እውነተኛ ሆኖ መገናኘት ሲመጣ፣ በቀን፣ ሰው ባለበት ካፌ፣ የት እንደሄዳችሁ ለአንድ ሰው ነግራችሁ፣ በራሳችሁ ታክሲ። ነገሩ ከጠነከረ ደግሞ፣ ነርስ ነኝና ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁለታችሁም የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጉ። ቫይረሱ የልደት ወረቀት አያይም። በዚህ ዕድሜ ይህን ለመጠየቅ የሚያፍሩ ስንቶቹን መክሬያለሁ።

ለልጆች

ጓደኛዬን ከዘራፊው በላይ የጎዳት አዲስ አበባ ያለው ወንድ ልጇ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሲሰማ የመጀመሪያ ቃሉ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ቢሰማስ?» ነበር። ስልኳንም ወሰደባት። ለእሷ ጥበቃ መስሎት ነው፤ ደግ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ። እሷ ግን የዱባይዋን ልጇን ድምፅ የምትሰማው፣ የልጅ ልጆቿን የምታየው በዚያ ስልክ ነበር። ሦስት ሳምንት አላነጋገረችውም። ሄጄ መከርኩት። «እናትህ የታለለችው ‹በላሽ ወይ› የሚላት ስላጣች ነው። ስልኳን ከምትወስድ በቀን አንዴ ደውለህ በላሽ ወይ በላት» አልኩት። ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ስልኩን በማግስቱ መለሰላት፤ ከእሱ ጋር ከ5,000 ብር በላይ ከመላኳ በፊት እንዲነጋገሩ ተስማሙ። ውሳኔው የራሷ ነው፤ አንድ ሌሊት ግን ያድራል።

ዱባይ ያለችው ልጇ በፋንታዋ ምንም አልተናገረችም። የሁለት ወር መድኃኒት መግዣ ላከችና «እማዬ፣ ሰውየው ምን ምን ይልሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ጓደኛዬ «አንተ በጣም ቆንጆ ሴት ነህ» የሚለውን ስታነብላት ሁለቱም ሳቁ። ያን ሳቅ እናትየው ናት የጀመረችው፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ያለፈው ልኬቷ 138 በ84 ነው። ዜናው ሲያልቅ እጇ ስልኳን መፈለጉን አልተወም፤ ያንን ሰዓት በምን እንደምትሞላው ገና አላወቀችም፣ እኔም መድኃኒቱን አላገኘሁላትም። አንዳንድ ማታ እደውልላታለሁ፣ አንዳንድ ማታ ይደክመኛል።

ባለፈው ወር ደሴ ያስተማርኩ ነኝ የሚል አንድ ጡረተኛ በአስተማሪዎች ቡድን ውስጥ ጽፎላት፣ በዚያው ቀን ስልኩን ይዛ መጣች። ፎቶውን ፈለግነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ከዚያ ደሴ አብራው የሠራች የድሮ ባልደረባችን ጋ ደወልን። «አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው» አለችን። ትንሽ ቆይታ «ግን ገንዘብ ላይ ይሰስታል» ጨመረችበት።

ጓደኛዬ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ምን ምን እንደተጻጻፉ አልጠየቅኳትም።